እስክትፋፋ ድረስ

ጋሽ አበጀ ማረፋቸውን የሰማሁት ላቦራቶሪ ውስጥ ክር እየበጠስኩ ሳለ ነው። ሥራዬ ይኸው ነው፤ ፋብሪካችን የሚፈትለውን ክር በመሣሪያ ጎትቼ፣ በምን ያህል ጉልበት እንደሚበጠስ አይቼ፣ ይለፍ ወይም ይውደቅ ማለት። የሥራ ባልደረባዬ ስልኳን ዘግታ «የበሩ ጋሽ አበጀ ዛሬ ጧት ዐርፈዋል አሉ» ስትለኝ መሣሪያውን አጠፋሁና ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ከፋብሪካው ጥበቃ ጡረታ ከወጡ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። አዲሶቹ ሠራተኞች ስማቸውንም አያውቁት። እኛ ነባሮቹ ግን ያለ እሳቸው በሩ በር አይመስለንም ነበር።

ዓባይ ማዶ ካለው ቤታቸው ለልቅሶ ስሄድ ድንኳኑ በሰው ሞልቷል። ከአንበሳሜ የመጡ ዘመዶቻቸው ወታደርነታቸውን አነሱ፣ የፋብሪካ ሰዎች ደግሞ በፍተሻ ላይ የነበራቸውን ግትርነት እያነሱ በልቅሶ መሀል ሳቅ አሉ። እኔ የማውቀውን ግን ማንም አላነሳም። ባለቤታቸው እትዬ ጥሩ እጄን ያዙና «ልጅቱ ደኅና ናት?» ብለው ጠየቁኝ። ደኅና ናት አልኳቸው። እሳቸው ዝምታ ይችሉበታል፣ እኔ አልችልበትም፤ ስለዚህ እጽፈዋለሁ።

ሳውቃቸው ደልደል ያሉ፣ ካፖርታቸው ሆዳቸው ላይ የሚጨንቃቸው ሰው ነበሩ። ሰውነት የምትፈትሽ ሴት ሌላ ነበረች፤ ቦርሳና ምሳ ዕቃ የጋሽ አበጀ ነበር። አብዛኛውን ጊዜ አይከፍቱትም። በአንድ እጃቸው አንሥተው ትንሽ ይይዙታል፣ ከዚያ ይመልሱልሃል ወይም «ክፈተው» ይሉሃል። ጧት ስትገባ ያነሡትን ማታ ስትወጣ ያስታውሱታል። በመቶ የምንቆጠር ሰዎች ነን እኮ። እንዴት ሆኖ ነው ሲሏቸው «እጅ አይዋሽም፤ የሚታለል ዓይን ነው» ይላሉ። የሥራ አስኪያጁን ቦርሳ ሳይቀር ያነሡ ስለነበር አንድ ቀን ሰውየው ቢቆጡ፣ «ጌታዬ፣ ፍተሻ ዘመድ የለውም» ብለው ቦርሳውን በሁለት እጃቸው በአክብሮት መለሱላቸው።

ስለ እሳቸው ከማስታውሰው ሁሉ መጀመሪያ ልቤን የነካኝ አንድ ነገር ነው። አንድ ማታ ከእኔ ፊት የቆመች ሴት ምሳ ዕቃዋን ሰጠቻቸው። አነሡት፣ ትንሽ ያዙት። ከእንጀራው ሥር የክር ጥቅል እንደነበረ የገባኝ የሴትየዋ ፊት ዐመድ ሲመስል ነው። ሕጉ ለኃላፊ ማስረከብ ነበር። ጋሽ አበጀ ግን ድምፃቸውን ሳያሰሙ «ልጄ፣ ውስጥ የረሳሽው ነገር አለ፤ ሂጅና አስቀምጠሽ ነይ» አሏት። ሄዳ አስቀምጣ መጣች። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ነገር ቃል ሲወጣቸው የሰማ የለም። እኔም ከዚያ ቀን በፊት አልወዳቸውም ነበር። ሰልፍ አልወድም፣ መፈተሽም አልወድም፣ ንዴት ደግሞ ከእናቴ የወረስኩት ነው።

ልጄ ሶልያና ስትወለድ ትንሽ ነበረች። የገዛንላት ልብስ ሁሉ ዋጣት። በየወሩ ጤና ጣቢያ ስወስዳት ሲስተሯ ትመዝናትና ካርዱ ላይ ነጥብ ታደርጋለች፤ ነጥቧ ሁልጊዜ ከታች ነው። «ትንሽ ናት፣ ግን ጤነኛ ናት» ትለኛለች። «የራሷን መስመር ይዛ እየወጣች ነው። ጡትሽን ስጫት፣ አንቺም በደንብ ብዪ፣ ሌላ አታስቢ።» ከዚህ ሁሉ ንግግር እኔ ይዤ የምወጣው «ትንሽ ናት» የሚለውን ብቻ ነው። ላቦራቶሪ ያሳደገኝ ሰው ነኝ። እኛ ዘንድ ከልክ በታች የሆነ ክር ይወድቃል እንጂ የራሱ መስመር አለው አይባልም።

ስንት ደቂቃ እንደጠባች በስልኬ እይዝ ጀመር። ከቀኝ አሥራ ሁለት፣ ከግራ ሰባት። የረጠበ ጨርቅ እቆጥራለሁ። ስትተኛ ራባት ብዬ እቀሰቅሳታለሁ፣ ስታለቅስ ጉልበቷ አለቀ ብዬ እሸበራለሁ። ባለቤቴ «ልጅቷ ትስቃለች፣ ትራገጣለች፣ ምን ሁኚ ነው የምትያት?» ሲለኝ ከእሱ ጋር እጣላለሁ። የሰፈር ሴት ልጄን አይታ «ስንት ወሯ ነው?» ስትለኝ፣ አራት ወሯ ነው ስላት፣ ከእግር እስከ ራሷ ታያትና «ያሳድጋት» ትላለች። ያ «ያሳድጋት» ከስድብ በላይ ያመኝ ነበር። አማቴ እማማ የሺ ልጅ ሊይዙልኝ ከማክሰኝት መጥተው አብረውን ነበሩ። ደግ ናቸው፣ ግን በየቀኑ «ይች ልጅ ጡትሽ ውኃ ሁኖባት ነው፤ የላም ወተት ይሞከርላት» ይሉኛል። እኔም በየቀኑ አይሆንም እላለሁ። እንዲያውም ውስጥ ውስጡን እውነታቸውን ይሆን ብዬ ስለምፈራ ነበር ድምፄ የሚጮኸው።

የወሊድ ፈቃዴ አልቆ ሥራ ልጀምር ሁለት ቀን ሲቀረኝ፣ እሑድ፣ በጀልባ ወደ አንድ ገዳም ተሻገርኩ። እዚያ ደጁን ተሳልሜ እንዲህ ብዬ ተሳልኩ፦ ልጄ እስክትፋፋ ድረስ፣ ዘወትር፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ አልቀምስም። ለማንም አልተናገርኩም። ለንስሐ አባቴ ብነግራቸው አጥቢ ሴት አትፆምም ብለው እንደሚከለክሉኝ አውቃለሁ፤ ስለማውቅ ነው ያልነገርኳቸው። ሰው ሲፈራ የሚያድነውን ሰው ነው አስቀድሞ የሚሸሸው።

ሥራ ጀመርኩ። ቀትር ስድስት ሰዓት ላይ እማማ የሺ ሶልያናን በባጃጅ ያመጡልኛል፣ እኔ ከላቦራቶሪ እሮጣለሁ፣ የምንገናኘው በጋሽ አበጀ የጥበቃ ቤት ነው። አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ናት፣ አንድ አግዳሚ ወንበር ያላት፤ በመስኮቷ የሐይቁ ንፋስና የደንገል ሽታ ይገባል። የፋብሪካው እናቶች ሁሉ ልጆቻቸውን ያጠቡት እዚያች ክፍል ውስጥ ነው። እናት ስትመጣ ጋሽ አበጀ ዱላቸውን አንሥተው «ቤቱ የናንተ ነው» ይሉና ይወጣሉ፣ ለበሩ ጀርባቸውን ሰጥተው ይቆማሉ። ጨረስኩ እስክትል ድረስ አይዞሩም። ቢሆንም ሁሉንም ያውቁ ነበር። «የዛሬው ሳይጠግብ ነው የተነሣ፤ ሲውጥ አልሰማሁትም» ይሏት ነበር አንዷን፣ እሷም ሳትወድ ትመለሳለች።

ቁርስ የለም፣ ውኃ የለም፣ ምሳ የለም። ዘጠኝ ሲሞላ ሥራ ላይ ስለሆንኩ እህል የምቀምሰው አሥራ አንድ ሰዓት አልፎ ቤት ስገባ ነው። ባለቤቴ እንዳይጠረጥር በየጧቱ ምሳዬን ቋጥሬ እወጣለሁ፣ እንደሞላ ይዤው እመለሳለሁ። ሁለት ሳምንት ታገስኩ። በሦስተኛው ሳምንት ሶልያና ጡቴን ትይዝና ትለቀዋለች፣ ጀርባዋን ገትራ ትጮኻለች፣ እንደገና ትይዛለች፣ እንደገና ትለቃለች። እኔ ደግሞ ባስጨነቀኝ ቁጥር ፆሙን አጠብቃለሁ፤ ዘጠኝን ወደ አሥር ለማድረስ ሁሉ አሰብኩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ።

አንድ ቀን እማማ የሺ ከነጠላቸው ሥር ጡጦ አወጡ። «ጡጦውን መልሱ» አልኳቸው። «ልጅ በረኃብ ሲሞት ቁጭ ብዬ ላይ ነው?» አሉኝ። ጡጦውን ከእጃቸው ስስብ፣ እሳቸው ሲስቡ፣ ወተቱ ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ። ሶልያና በሁለታችን መሀል ታለቅሳለች። ጋሽ አበጀ ጀርባቸውን እንደሰጡን ነበር። አንገታቸው ግን ከወትሮው ዝቅ ብሎ ነበር።

በዚያው ቀን ማታ ስወጣ ምሳ ዕቃዬን አነሡት። አልመለሱልኝም።

«ይኸ ጧት እንደገባው ነው» አሉኝ።

«ክር አለበት?»

«ክር የለበትም።»

«እንግዲያውስ ይስጡኝ።»

«ትናንትም እንዲሁ ነበር። ከትናንት ወዲያም።»

ከኋላዬ ሰልፈኛው እያጉረመረመ ነው። «ምሳዬን መብላቴን መፈተሽ ሥራዎ ነው?» አልኳቸው፣ በማያምር ድምፅ። «አይደለም» አሉና መለሱልኝ። በዕድሜ አባቴ ለሚሆኑ ሰው እንዲያ መናገሬ መንገዱን ሙሉ ሲቆጨኝ ሄደ። ቢሆንም አልተመለስኩም።

በማግስቱ ሶልያና ያው ጩኸቷን ጮኸች። ጋሽ አበጀ ሳይዞሩ «እማማ የሺ፣ እስቲ ልጅቱን ይዘው ዛፉ ጥላ ሥር አረፍ ይበሉ» አሉ። አማቴ እየተነጫነጩ ወጡ። እኔ ቀሚሴን ቆለፍኩ። ያኔ ገብተው ደፉ ላይ ቆሙ።

«ታመሽ ነው?»

«አይደለም።»

«ባልሽ አስቀይሞሽ ነው?»

«አይደለም።»

«እንኪያስ ፆም ነው። ዛሬ ግን ማክሰኞ ነው።»

ልዋሽ አፌን ከፈትኩ፣ የመጣው ግን ልቅሶ ነው። ገዳሙን፣ ስእለቱን፣ ካርዱን፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ተግሣጽ ጠበቅኩ። እሳቸው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ስንት ቀን ብለሽ ተሳልሽ?»

«እስክትፋፋ ድረስ።»

«ቀን አልቆረጥሽለትም?»

«አልቆረጥኩም።»

«ዋ» አሉ፣ ኮፍያቸውን አውልቀው ራሳቸውን እየደባበሱ። «ልጅቱ የምትጠባው እኮ ያንች ምሳ ነው። ይኸን አጥተሽው ነው?»

«አላጣሁትም። ግን ከአፌ ወጥቷል። አሁን ብበላ ትወሰድብኛለች።» የተማርኩ ሰው ነኝ፣ ኬሚስትሪ ነው ያጠናሁት፤ ግን በዚያች ደቂቃ አንድ ጉርሻ ብውጥ ዛፉ ሥር ያለችው ልጄ ትንፋሿ ቀጥ የሚል ይመስለኝ ነበር።

ጋሽ አበጀ አልተከራከሩኝም። አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «እኛ አገር» አሉ፣ «ሰው ሲታመም በቃሬዛ ነው የምናወጣ። መንገዱ ሩቅ ነው። የደከመው ሰው ትከሻውን ለሌላው ይሰጣል፣ ሌላው ይቀበለዋል። ቃሬዛው መሬት አይነካም። እኔ ልቀበልሽ።»

«ምኑን?»

«ፆሙን ነዋ። እስክትፋፋ እኔ እይዘዋለሁ። ጧት ቁርስ በልቻለሁ፣ የዛሬውን ይቅር ይበለኝ። አንች ምሳ ዕቃሽን ክፈች።»

«ይህ ይሆናል?»

«እኔ ቄስ አይደለሁም፤ አላውቅም። ግን ስእለቱ አልፈረሰም፣ ትከሻ ነው የቀየረ። ነይ፣ ብይ።»

ወጥተው ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ። የደረቀ ሽሮ ፍርፍር ነበር፤ እንባዬን ጭምር በላሁት። ዛፉ ሥር ያለችውን ልጄን በመስኮት እያየሁ ነበር የምውጠው። ትንፋሿ ቀጥ አላለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ምሳ ዕቃዬን ሲያነሡ ባዶ መሆኑን እያወቁ ትንሽ ቆየት አድርገው ይይዙታል፣ ከዚያ «እለፊ» ይሉኛል። ሳምንት ሳይሞላ ሶልያና ስትውጥ ከውጭ ይሰማ ጀመር። እማማ የሺም ጡጦውን መልሰው አላወጡትም።

ጤና ጣቢያ ስሄድ ሲስተሯ የምትለኝ ግን አልተቀየረም። ትንሽ ናት፣ ጤነኛ ናት። ተቀመጠች፣ ዳኸች፣ ጥርስ አወጣች፣ ሁሉንም በጊዜው፤ ነጥቧ ግን ያው ከታች ነው። ዓመት ሲሞላት በር ላይ ማጥባቱን ተውኩ። ጋሽ አበጀ ምሳ ዕቃዬን ሲያነሡ «ልጅቱ እንዴት ናት? ፋፋች?» ይሉኝ ነበር። እኔም «ያው ናት ጋሼ» እላለሁ። አንዳንዴ «ኧረ ምን ትፋፋለች፣ ያችው ቄጤማ ናት» እላለሁ። አንዳንዴም ከልቤ፣ «ምግብ አይጠጋትም፣ ምን እንደማደርጋት አላውቅም» እላቸዋለሁ። «እሺ፤ ይሁን» ይሉኛል። ሰላምታ ይመስለኝ ነበር።

ረስቼው ነበር። ቃሉ ይኸው ነው፣ የማሳምርበት ሌላ ቃል የለኝም። ጥቂት ቀን ይዘውልኝ ትተውታል ብዬ አስቤ ነበር እንዳልል፣ እንደዚያም አላሰብኩም። ጭራሽ አላሰብኩበትም። የእኔ ሐሳብ የልጄ እግር ቅጥነት ላይ ነበር። ጋሽ አበጀ እየከሱ ሄዱ። ካፖርታቸው ተንጠለጠለባቸው፣ ቀበቷቸው አዲስ ቀዳዳ ተበጀላት። ሠራተኛው «እትዬ ጥሩ ማብሰል ተዉ እንዴ?» እያለ ያሾፍባቸዋል። «ሆዴን ጡረታ እያለማመድሁት ነው» ይላሉ። እኔም ከሳቂዎቹ አንዷ ነበርኩ።

ሶልያና ሁለት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት፣ በጥር ወር፣ ሐሙስ ቀን፣ ጋሽ አበጀ በር ላይ ወደቁ። ጩኸት ሰምተን ስንሮጥ ሰዎች አንሥተው ጥበቃ ቤቱ አግዳሚ ላይ አስተኝተዋቸዋል። የፋብሪካው ክሊኒክ ነርስ ጣታቸውን ወግታ ስኳራቸውን ለካችና፣ በጣም መውረዱን አይታ ፊቷ ተለወጠ። ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ በብርጭቆ ይዛ አፋቸው ላይ አስጠጋች። ጥርሳቸውን ገጠሙ።

«ሰዓት ስንት ነው?» አሉ፣ በማይሰማ ድምፅ።

«አምስት ተኩል።»

«ዘጠኝ ሲሞላ እጠጣለሁ።»

«ምን ፆም አለ ዛሬ?» አለ አንዱ። «ሐሙስ ነው፣ ያውም ጥር ወር።» ሌላው «ሰውየው ቃዡ» አለ። እኔ በሩ ላይ ክው ብዬ ቀረሁ። ዘጠኝ ሰዓት የእኔ ስእለት ነበር።

«መኪና ተጠርቷል» አለች ነርሷ፣ «እስኪመጣ ግን ይህን ካልጠጡ አላውቅም። ራሳቸውን ከሳቱ በኋላ በአፍ አይሰጥም።» ሰዎቹን ውጡልን አልኩ። እንዴት ባለ ድምፅ እንደተናገርኩ አላውቅም፣ ሁሉም ወጡ። ነርሷ ብቻ ቀረች። ተንበረከክኩ።

«ጋሼ፣ አልቋል። ፋፍታለች።»

ዓይናቸውን በጥቂቱ ገለጡ። «ትናንት ያው ናት አልሽኝ።»

«ቀልዴን ነው።»

«ይኸን ሁሉ ጊዜ?»

«እባክዎ ይጠጡ። ስእለቱ የእኔ ነው፣ አበቃ ብያለሁ።»

«ለእኔ ብለሽ አትዋሽ» አሉ። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ብሏል፣ ጣቶቻቸው ይንቀጠቀጣሉ። «በዚህ በር በሐሰት ያሳለፍሁት ነገር የለም። አሁን አልጀምርም።»

እማማ የሺ ጋ ደወልኩ። ልጅቷን ይዘው አሁኑኑ ይምጡ አልኳቸው። ምን ሆነሻል ሲሉኝ ዘጋሁባቸው። ቤታችን ሩቅ አይደለም፣ ግን ያች ባጃጅ ጎንደር ደርሳ የተመለሰች መሰለኝ። ነርሷ የእጃቸውን ትርታ ይዛ ሰዓቷን ታያለች፣ እኔ ብርጭቆውን ይዣለሁ፣ ጋሽ አበጀ ዓይናቸውን ይከድናሉ፣ እኔ «ጋሼ» እላለሁ፣ ይገልጣሉ። ምንም ሳይሉኝ ይከድናሉ። ምን እንደምል አስቤ ጨርሻለሁ። ልጄን ብድግ አድርጌ አቅፋታለሁ፣ ሹራቧ ወፍራም ከሆነ ሞላ ያለች ትመስላለች፣ «ይኸው ፋፍታለች» እላቸዋለሁ፣ ዓይናቸው ደክሟል፣ አይለዩትም።

ባጃጁ ቆመ። እማማ የሺ ገና ሲወርዱ ሶልያና ቀድማቸው በራሷ እግር መጣች። በእጇ ዳቦ ይዛለች። ደፉ ከፍ ስለሚልባት ዳቦዋን በጥርሷ ነክሳ፣ በሁለት እጇ ደፉን ይዛ፣ አንድ እግሯን ቀጥሎም ሌላውን አሻግራ ገባች። ከዚያ ዳቦዋን ከአፏ አውጥታ እኛን ታየን ጀመር።

«እንግዲህ ንገሪኝ» አሉ ጋሽ አበጀ። «ዓይኔ ፈዟል። እናቷ አንች ነሽ። ፋፋች?»

አየኋት። ፋፋች የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። ልጄን ግን ያን ያህል ዘመን ሳያት ኖሬ፣ ካርዱ ሳይመጣብኝ፣ የጎረቤት ልጅ ሳትመጣብኝ፣ አማቴ ምን ይሉ ይሆን ሳልል ያየኋት ያን ጊዜ ይመስለኛል። ቀጭን ናት። አጭር ናት። ጉንጯ ቀልቷል፣ ዓይኗ ያበራል፣ ደፍ ለመሻገር የማንንም እጅ አልጠበቀችም።

«አልፋፋችም ጋሼ» አልኩ።

ነርሷ ደንግጣ አየችኝ።

«አትፋፋምም። አባቷም እንዲሁ ነው። ትንሽ ናት፣ ጤነኛ ናት። ምንም የጎደላት ነገር የለም። ያኔ የተሳልኩት እንዳትሞትብኝ ነበር፣ ፈርቼ ቃሉን አሳሳትኩት። አልሞተችም። ስእለቴ ሰምሯል።»

ረጅም ጊዜ ፊቴን አዩኝ። «መቼ ነው የሰመረ?»

ይህን አልጠበቅኩም ነበር። «ከመጀመሪያውም ደኅና ነበረች» አልኩ። «ሲስተሯ በየወሩ ትነግረኝ ነበር። አልሰማ ብዬ ነው።»

«በይ አምጭው» አሉ።

ነርሷ ራሳቸውን ደግፋ ያዘች፣ እኔ ብርጭቆውን አስጠጋሁ። መጀመሪያ ከንፈራቸውን አራሱ፣ ከዚያ እስከ ታች ጠጡት። ሁለተኛ ብርጭቆ በጠበጥን፣ እሱንም ጠጡ። ቀለማቸው ቀስ በቀስ ሲመለስ ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጥኩ። ጉልበታቸው ላይ ተደፋሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ረስቼዎት ነው፣ በቁምዎ ገድዬዎት ነበር፣ እያልኩ ስቀባጥር እጃቸውን ራሴ ላይ አደረጉ።

«እኔን ተይኝ» አሉ። «እኔ ወድጄ ነው የያዝሁት። ይቅርታሽን ለልጅቱ አድርጊው። ሁለት ዓመት ሙሉ ጎደሎ ናት ስትያት ስትሰማሽ የኖረች እሷ ናት።»

መኪናው መጥቶ ሐኪም ቤት ወሰዳቸው። ነርሷ አብራቸው ስለሄደች ሦስት ቀን ተኝተው እንደሚወጡ ማታ ደውላ ነገረችኝ። እኔ የዚያን ቀን ወደ ላቦራቶሪ አልተመለስኩም። ሶልያናን ይዤ ከእማማ የሺ ጋር ባጃጁ ውስጥ ገባሁ። ጭኔ ላይ አስቀምጬ ጆሮዋ ሥር ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት፣ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። እሷ ሐይቁን እያየች ዳቦዋን ጨረሰች። ከዚያ ባዶ እጇን ዘርግታ «ደግሞ» አለችኝ።